የቅዳሜው ሙሾ

«አቁሚ! አሁንም ሳቅሽ!» አለች ሉሊት፣ በእጇ የያዘችውን የተውኔቱን ወረቀት ጭኗ ላይ ጧ አድርጋ።

እፀገነት አፏን በነጠላዋ ጫፍ ሸፈነች። ከፊቷ፣ በትምህርት ቤቱ አዳራሽ ሁለት ዴስክ ገጥመው በሠሩት አልጋ ላይ፣ ይታገስ ሞቶ ተዘርግቷል። በተውኔቱ ውስጥ ወንድሟ ነው፤ የጭነት መኪና ረዳት ሆኖ ሲሄድ መኪናው ተገልብጦ የሞተ። እሷ እግሩ ሥር ተንበርክካ «ትናንት እኮ ደህና ነበር፤ ትናንት አብረን እራት በላን» ትላለች። እስከዚህ ድረስ ችግር የለም። ከዚያ መምህር ባምላኩ ኪቦርዱን ይነካል፤ እሷም ብድግ ብላ፣ እጇን ዘርግታ፣ «ወንድሜ፣ ወንድሜ፣ ጨረቃዬ» ብላ መዝፈን አለባት። እዚህ ላይ ስትደርስ ጆሮዋ ይግላል። ከዚያ ሳቋ ያመልጣታል።

«እኔን እያየሽ ነው የምትስቂው?» አለ ሬሳው፣ ዐይኑን ሳይገልጥ።

«አንተ ዝም በል! ሙት!» አለችው ሉሊት።

«ሞቻለሁ እኮ። በሰላም አላሳርፍ ያላችሁኝ እናንተ ናችሁ።»

ሁለት ሳምንት ቀርቷቸዋል። ሁለት ሳምንት ካለቀ በኋላ ሞጣ ሄደው፣ ከየወረዳው በተሰበሰቡ ትምህርት ቤቶች ፊት ይህን ሙዚቃዊ ተውኔት ለውድድር ያሳያሉ። የጻፈችው ሉሊት ናት። ዜማውንም ያወጣችው ሉሊት ናት። እናቷ አዋላጅ ነርስ ናት፤ ከሦስት ዓመት በፊት ቢቸና ስትመደብ ሉሊትን ይዛ ከሐዋሳ መጣች። ሉሊት የመጀመሪያ ቀን ክፍል ስትገባ ባዶ ወንበር ያገኘችው እፀገነት ጎን ነበር፤ ከዚያ ወዲያ ተነጣጥለው አያውቁም። ሙዚቃዊ ተውኔት የሚባለውን ነገርም በስልኳ ያሳየቻት እሷ ናት። ሰዎች መንገድ ላይ ቆመው ሲያወሩ ቆይተው ድንገት ይዘፍናሉ፤ አላፊ አግዳሚው ሁሉ ግጥሙን አስቀድሞ ያጠና ይመስል ይቀበላቸዋል። ሉሊት ያንን እያየች ዕንባዋ ይወርድ ነበር። እፀገነት ስልኩን ትታ ሉሊትን ታያት ነበር። እንዴት አንድ ነገር ጓደኛዋን እንዲህ ሲያደርጋት እሷን አንዳች አይነካትም?

«እስቲ ልጠይቅሽ» አለች እፀገነት፣ ሳቋ በረድ ሲልላት። «ሰው እያወራ ድንገት ለምን ይዘፍናል?»

«ቃል ስለሚያንሰው ነዋ!»

«እኔ ቃል ሲያንሰኝ ዝም ነው የምለው።»

«እኔ የማልወደው ምኑን እንደሆነ ልንገራችሁ?» ይታገስ በክርኑ ተደግፎ ቀና አለ። «መጠበቁን። ኪቦርዱ ሲጀምር ሰው ሁሉ ያውቃል፤ አሁን ሊዘፈን ነው ይላል። ሰው አንሸራትቶት ሊወድቅ ሲል እያዩ እንደመጠበቅ ነው። ሼም የሚይዘው የሚያየው ሰው ነው።»

«አንተ መቼ ሼም ታውቃለህ?» ሉሊት ድምፅዋ ቀጠነ። «ካልፈለጋችሁ ተዉት። እውነቴን ነው። ሙድ ልትይዙብኝ ከሆነ ዛሬውኑ ይቅር።»

እፀገነት ጓደኛዋ ወረቀቱን አጣጥፋ አጣጥፋ ትንሽ ስታደርገው አየች። የሳቀችው ልታስከፋት ብላ አልነበረም፤ ግን ይህን እንዴት እንደምታስረዳት አላወቀችም።

መምህር ባምላኩ ከኪቦርዱ ኋላ ተነሣ። ወጣት ነው፤ አማርኛ ያስተምራል፤ ሲያስብ የሸሚዙን እጅጌ ወደ ላይ መጠቅለል ይወዳል።

«እፀገነት፣ እናትሽ ወይዘሮ ጥሩአየሁ አይደሉም?»

«አዎ ቲቸር።»

«ለቅሶ ቤት ሙሾ ሲያወርዱ ሰምቻቸዋለሁ። እሳቸውም እኮ ሲያወሩ ቆይተው ድንገት ነው ወደ ዜማ የሚገቡት። እሱ ያስቅሻል?»

እፀገነት አሰበች። «አያስቀኝም።»

«ለምን?»

መምህሩ እጅጌውን መጠቅለሉን ቀጠለ። «እንግዲያው ጨረቃዋን እንተዋት። እናትሽ ከሚሉት አምጪልን። ሉሊት፣ ትስማሚያለሽ?»

ሉሊት ትከሻዋን ነቀነቀች። የራሷን ዘፈን ሲጥሉባት ፊቷ ላይ አንዳች ነገር እንዳለፈ እፀገነት አይታለች፤ ሆኖም «ተውኔቱ የሚያምር ከሆነ ግድ የለኝም» አለች።

እፀገነት ሳምንቱን ሙሉ ስታስታውስ ከረመች። የእናቷ ሙሾ ብዙ ነው፤ ግን በጆሮዋ የቀረው ቁርጥራጭ ነበር፤ ከአንዱ መጀመሪያው፣ ከሌላው ማሰሪያው። ሙሉውን የምታስታውሰው የአንድ ሰው ብቻ ነው፤ የያየህን። ያየህ የጎረቤታቸው የእትዬ አስናቀች ልጅ ነበር። ከሁለት ዓመት በፊት፣ ሐምሌ ላይ፣ ከእርሻ ገብቶ ጫማውን ደጅ አወለቀና እራት እስኪቀርብ የጎረቤት ጥጃ ከወንዝ ማዶ ሊያመጣ በባዶ እግሩ ሮጠ። ጎርፉ ወሰደው። እፀገነት በለቅሶው ቀን ከእናቷ ጀርባ ቆማ ነበር። እናቷ ከሴቶቹ ጋር ስለ ድንኳኑ ስትነጋገር ቆይታ ወደ ቤቱ ደፍ ዞር ስትል ድምፅዋ ተለወጠ፤

«ለአንተ ያልኩት እራት ምድጃ ዳር ቀዘቀዘ፣
ወጥቼ ብጣራ መንገዱ ፈዘዘ።
ጫማህ ከደጅ አለ፣ ጭቃው አልደረቀ፣
እግርህ ወዴት ሄዶ ከጫማህ ራቀ?»

ያን ጊዜ ማንም የሳቀ የለም። እፀገነትም አልሳቀችም። ድንጋይ ላይ ተቀምጣ እስኪመሽ አለቀሰች።

ቅዳሜ ልምምዱ ጠዋት ነበር። አዳራሹ ስለሚሞቅ መስኮቶቹን ሁሉ ከፈቱ። የትምህርት ቤቱ አጥር ከገበያ መንገድ ጋር የተያያዘ ነው፤ የአህያ ዳና፣ የሞተር ሳይክል ጩኸት፣ የሚጠራሩ ሴቶች ድምፅ በመስኮቱ ይገባል። ይታገስ ሞተ። እፀገነት ተንበረከከች። «ትናንት እኮ ደህና ነበር» አለች፤ «ትናንት አብረን እራት በላን።» መምህር ባምላኩ እጁን ከኪቦርዱ ላይ አንሥቶ ጠበቃት።

ዐይኗን ጨፈነችና ጀመረች።

ድምፅዋ የእሷ አልመሰላትም። ጆሮዋ አልጋለም። የመጀመሪያውን ሁለት ስንኝ ስትጨርስ ከየት እንደመጣ የማታውቀው ድምፅ «ወየው!» ብሎ ተቀበላት። ሉሊት ናት ብላ ቀጠለች። ወደ ጫማው ስትደርስ ግን ተቀባዩ በዝቶ ነበር፤ ደረት የሚመታም ነበር። ዐይኗን ገለጠች።

የአዳራሹ በር በሴቶች ተሞልቷል። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለብሰዋል፤ የሐዘን አለባበስ ነው። ከገበያ ሲመለሱ ለቅሶ ሰምተው፣ እንዳልሰማ ማለፍ ስለማይሆንላቸው፣ ሸክማቸውን አጥሩ ሥር አውርደው ገብተዋል። ዘበኛው ጋሼ ወልደ ሰንበት ሊያስቆማቸው እንኳ አልሞከረም፤ ባርኔጣውን ደረቱ ላይ ይዞ ከኋላቸው ቆሟል።

«የማን ልጅ ነው?» አለች አንዷ እያነባች። «ምን አገኘው? ተማሪ ነው?»

ይታገስ ይህን ሲሰማ ቀስ ብሎ ተነሥቶ ተቀመጠ።

«አለሁ እናቴ» አለ። «አልሞትኩም። ልምምድ ነው።»

ሁለት ሴቶች ጮኸው ወደ ኋላ ሸሹ። ሦስተኛዋ አማተበች። ከዚያ መጀመሪያ ያለቀሰችው ሴት ሳቀች፤ ሳቁ ከአንዷ ወደ ሌላዋ ተዛመተ።

«በቁምህ ታስለቅሰናለህ አንተ ባለጌ!»

«እናንተ ልጆች ሟርተኞች ናችሁ? እህ! ሞት ይጠራል?»

«እኔ እኮ ዱቄቴን አህያ አጠገብ ጥዬ ነው የሮጥኩት!»

ይታገስ ከዴስኩ ወርዶ አንድ በአንድ ጉልበታቸውን ይስማል፤ እነሱም ጆሮውን እየቆነጠጡ ይመርቁታል። እፀገነትም ልትስቅ ነበር። ግን ከሴቶቹ መካከል አንዷ አልሳቀችም። እትዬ አስናቀች ናት። ደረቷን የመታችበት እጅ እዚያው ደረቷ ላይ ቀርቷል። ይታገስን አላየችም። እፀገነትን ነበር የምታየው፤ ቁጣ የለበትም፤ የሚያውቁትን ሰው ባላሰቡት ቦታ ሲያገኙት እንደሚያዩት ዐይነት ነው። ከዚያ ነጠላዋን እንደ ወትሮው መልሳ አስተካከለችና ቀድማ ወጣች።

ሌሎቹም ወጥተው በሩ ሲዘጋ ሉሊት ዘላ እፀገነት አንገት ላይ ተጠመጠመች። «አየሽ? አየሽ? ከመንገድ ጎተትሻቸው! ሞጣ ላይ አዳራሹን በሙሉ ታስለቅሺዋለሽ!»

«ይህ ነው እንግዲህ» አለ መምህር ባምላኩ፤ እጅጌውን ለመጠቅለል እንኳ ረስቶት ነበር። «ይህ ነው እውነተኛው።»

እፀገነት «እሺ» አለች። ውሃ ልጠጣ ብላ ወጣች፤ ቧንቧው ጋ ደርሳ ሳትጠጣ ተመለሰች።

ወሬው ከእሷ ቀድሞ ቤት ገብቷል። እናቷ ጌሾ ዘርግታ ቅጠሉን ከእንጨቱ ስትለይ ደረሰች። እፀገነት አጠገቧ ተቀምጣ መልቀም ጀመረች። አንዱን ቅጠል ሦስት ቦታ እየቀደደች ትጥለዋለች።

«ተዪው፤ ታበላሺዋለሽ» አለች እናቷ። ቆየት ብላ «የያየህን ነው አሉ ያልሽው» አለች።

«አዎ።»

«እንዴት አስታወስሽው? እኔ እኮ ረስቼዋለሁ።»

እፀገነት ቀና አለች። «ራስሽ ያልሽውን?»

«ለቅሶ ቤት ያልኩትን ይዤ አልመጣም። እዚያው ትቼው ነው የምመጣው። ይዤው ብመጣማ መች እንቅልፍ ይወስደኛል?»

«ታዲያ የማን ነው?»

«የአስናቀች ነዋ። የማን ይሆናል?»

ከውጭ የዶሮ ጫጫታ ይሰማል። እፀገነት ሌላ ቅጠል አነሣችና መልሳ አስቀመጠችው። «እማዬ፣ አንቺ እዚያ ስታወርጂ አፍረሽ አታውቂም? ሰው እያየሽ?»

እናቷ ጥያቄው አልገባትም። «ማን ያየኛል?» አለች። «ሰው ሁሉ እያለቀሰ።»

እሑድ ቅዳሴ ላይ እትዬ አስናቀችን ከሩቅ አየቻትና በሌላ በር ወጣች። ሰኞ ከትምህርት ቤት ስትመለስ በሯ ድረስ ሄዳ አለፈች። ታጠፈች፤ ተመልሳ መጣች፤ አሁንም አለፈች። የሰፈሩ ውሻ እንኳ ግራ ገብቶት ተከተላት። ምን እንደምትል አላወቀችም። ይቅርታ ብትል ይቅርታ የምን? አልሰረቀች፤ አልተሳደበች። ባትልስ? ባትል ሞጣ ላይ ሙሾውን ትለዋለች፤ አዳራሹ ያለቅሳል፤ ሉሊት ከደስታዋ ብዛት ትዘላለች። ይህንን ስታስብ ደስ ይላታል። ደስ ማለቱ ራሱ ዕረፍት ነሣት።

«አንቺ ልጅ፣ ጥላ ነሽ? ትገቢ እንደሆነ ግቢ!»

እትዬ አስናቀች ከግቢዋ ውስጥ ነበር የተጣራችው። ክረምቱ ከመግባቱ በፊት የቤቷን ግድግዳ ጭቃ ትለስናለች፤ ጭድ የተቀላቀለበት ጭቃ እስከ ክርኗ ለብሷታል። ለሰላምታ ትከሻዋን ሰጠቻት።

«ያ የሞተው ልጅ ደህና ነው?» አለች።

እፀገነት ሳቀች፤ ወዲያው ደነገጠችና ተወችው። «ደህና ነው እትዬ።»

«እግዜር ያሳድገው። ያንን ጭቃ አቀብዪኝ።»

እፀገነት እጅጌዋን ሰብስባ ጭቃውን በሁለት እጇ እየዘገነች አቀበለቻት። እትዬ አስናቀች ትለጥፋለች፤ በመዳፏ ታለሰልሳለች። ሥራው መልካም ነበር፤ እጅ ሥራ ሲይዝ አፍ የሚቀለው ይመስላል።

«እትዬ፣ የቅዳሜውን… ሳልጠይቅዎ ነው ያልኩት።»

«ሰማሁሽ። ደህና አድርገሽ ትያለሽ። እናትሽን ታስንቂያለሽ።» መዳፏን ግድግዳው ላይ አሳርፋ ቆመች። «መጀመሪያ የሌላ ሰው መሰለኝ። ለሌላ ሰው ልጅ ሳለቅስ ነበር። ጫማውን ስትይ ነው የኔው መሆኑን ያወቅኩት።»

እፀገነት ጭቃውን እንደያዘች ቀረች።

«ሞጣ ልትሉት ነው አሉ።»

«ዓርብ ነው። እርስዎ ካልፈቀዱ ግን…»

«እዚያ ሰው ወንበር ላይ ተቀምጦ ነው አይደል የሚያየው?»

«አዎ።»

«እንደ ሠርግ ቤት?»

«እንደዚያ ነው። ግን ፊታቸውን ወደ አንድ በኩል አዙረው።»

«ሲያልቅስ? ያጨበጭባሉ?»

እፀገነት መዋሸት አልቻለችም። «ያጨበጭባሉ።»

እትዬ አስናቀች ራሷን ነቀነቀች፤ እሺ ማለቷ ይሁን አይሁን አይለይም። «እኔ ምን አውቃለሁ» አለች። «ቴያትር አይቼ አላውቅም። አልከለክልሽም፤ አፍሽ ያንቺ ነው። ያንን ጭቃ አምጪው፣ እየደረቀ ነው።»

ብትከለክላት ይቀል ነበር። እፀገነት ሲመሽ እጇን ስትታጠብ ጭቃው ከጥፍሯ ሥር አልወጣ አለ፤ ሐሳቡም ከልቧ አልወጣ አለ። ማክሰኞ ለሉሊት ልትነግራት ወሰነች፤ ሉሊት ግን ለልብሱ ጥለት ቀለም ስታማርጥ ነበርና እፀገነት ነገሩን አቆየችው። ረቡዕ ልምምዱ ላይ «ጉሮሮዬን አመመኝ፣ ለዓርብ ላቆየው» ብላ ሙሾውን ዘለለችው። ሐሙስም እንዲሁ። መምህር ባምላኩ ማር ገዝቶ አመጣላት።

ዓርብ ጠዋት በቅጥቅጥ አውቶቡስ ተጭነው ወጡ። መንገዱ አቧራ ነው፤ መስኮቱን ሲዘጉት ይታፈናሉ፣ ሲከፍቱት ይነጣሉ። ይታገስ መኪናው በነጠረ ቁጥር «ይሄው ተገለበጥን፤ ልምምድ አያስፈልገኝም» እያለ ልጆቹን ያስቃል። ሉሊት ከእፀገነት ጎን ተቀምጣ፣ ጣቷን በመርፌ እየወጋች፣ የተፈታ ጥለት ትሰፋለች። ጉንደ ወይን ከተማ ላይ ሾፌሩ ጎማ ሊያይ ሲያቆም ሌሎቹ ወረዱ፤ እነሱ ቀሩ።

«ልነግርሽ የፈለግኩት ነገር ነበረ» አለች እፀገነት።

«እኔም» አለች ሉሊት። «እኔ ልቅደም? እማዬ ዝውውሯ ተፈቅዷል። ክረምት ላይ ሐዋሳ እንመለሳለን።»

እፀገነት ጥለቱን በሁለት እጇ ወጥራ ያዘችላት።

«ለዚህ ነው እንዲህ የምሆነው» አለች ሉሊት፣ ዐይኗን ከመርፌዋ ሳታነሣ። «ስቆጣችሁ የነበረው። ከዚህ ስሄድ አንድ የሠራሁት ነገር እንዲኖር ፈልጌ ነው። 'ያቺ የነርሷ ልጅ' ብቻ እንዳልባል። አንቺስ ምን ልትዪ ነበር?»

«ምንም። ማሩ አለቀ ልልሽ ነው።»

ሞጣ ሲደርሱ አዳራሹ ሞልቶ ነበር። ከእነሱ በፊት የአንድ ሌላ ትምህርት ቤት ልጆች ያሳዩ ነበር። እፀገነት በመጋረጃው ቀዳዳ መድረኩን ትታ ተመልካቹን አየች። እናት የሆነችው ልጅ ልጇን ተሰናብታ ስትዘፍን የስልክ መብራት በየረድፉ በራ። ከፊት የተቀመጠች፣ እሷን የምታህል ተማሪ፣ ጉንጯ በዕንባ ርሷል፤ እያለቀሰች ስልኳን ከፍ አድርጋ ትቀርጻለች። ዘፈኑ ሲያልቅ ሰው ሁሉ አጨበጨበ። ልጅቷም ዕንባዋን በክንዷ ጠርጋ፣ የቀረጸችውን መልሳ ከፈተች፤ ጓደኛዋን ጠርታ አሳየቻት፤ ሁለቱም ፈገግ አሉ። ክፋት አልነበረባቸውም። ነገሩ አምሮላቸው ነው።

እፀገነት ያንን ስልክ አየች። በዚያ ስልክ ውስጥ የያየህን ጫማ አሰበች፣ ጭቃው ሳይደርቅ፣ ከእጅ ወደ እጅ ሲሄድ።

መጋረጃውን ለቀቀች።

«ሉሊት።»

«ነጠላሽ ጠሟል። ነይ።»

«የያየህን ሙሾ አልልም።»

የሉሊት እጅ ትከሻዋ ላይ ቆመ። «ምን?»

«አልልም። የሰው ነው።»

«አሁን?» ሉሊት ድምፅዋን ለመቀነስ ታገለች። «አሁን ነው የምትነግሪኝ? ማሸነፍ እንችል ነበር እኮ!»

«አውቃለሁ። ማክሰኞ ልነግርሽ ነበረ። ዛሬ መንገድ ላይም። ፈርቼ ነው።»

«ጉሮሮሽን አላመመሽም ነበር ማለት ነው?»

«አላመመኝም።»

ሉሊት ፊቷን አዞረች። መድረኩ ላይ ዴስኮቹ እየተገጠሙ ነው፤ ይታገስ የመኪና ረዳት ኮፍያውን አድርጎ ወዲያ ወዲህ ይላል። እፀገነት ጓደኛዋ የምትሄድ መሰላት። አልሄደችም።

«ታዲያ ምን ልታደርጊ ነው? ሬሳው ላይ ቆመሽ ዝም ልትይ?»

«ያንቺን እዘፍናለሁ።»

«የኔን ዘፈን ትጠይዋለሽ።»

«አልጠላውም። ሼም ይይዘኛል።»

«ሁለቱ ምን ልዩነት አላቸው?»

እፀገነት ለመመለስ ሞከረች። «ያንቺውን ልጅ አንቺ ነሽ የፈጠርሽው» አለች በመጨረሻ። «ቢያጨበጭቡ የሚከፋው ሰው የለም። እኔ ባፍር ደግሞ… የማፍረው እኔ ነኝ።»

ሉሊት የተጣመመውን ነጠላ ሳብ አድርጋ አስተካከለችላት፤ ትንሽ በኃይል። «ብትስቂ እገድልሻለሁ» አለች።

«እሺ።»

«እውነቴን ነው። እስከ ሐዋሳ ድረስ ነው የማኮርፍሽ።»

እፀገነት በመጋረጃው ሥር አልፋ መምህር ባምላኩ ጋ ሄደች። «ቲቸር፣ ጨረቃዬን ነው» አለችው። መምህሩ ግንባሩን ቋጠረ፣ ወደ ሉሊት ተመለከተ፤ ሉሊት ራሷን በእሺታ ስትነቀንቅ ጊዜ እጁን ኪቦርዱ ላይ አሳረፈ።

ይታገስ ሞተ። እፀገነት እግሩ ሥር ተንበረከከች። ከፊት ረድፍ ያቺ ልጅ ስልኳን አዘጋጅታለች።

«ትናንት እኮ ደህና ነበር» አለች እፀገነት። «ትናንት አብረን እራት በላን።»

ኪቦርዱ ጀመረ። ጆሮዋ ጋለ። ከግራ በኩል አንድ ልጅ የሚመጣውን ገምቶ ፍርፍር ብሎ ሳቀ፤ ጎኑ ያለውም ተከተለው። እፀገነት ከተንበረከከችበት ተነሣች፣ እጇን ዘረጋች፣ ሳቃቸው እስኪያልቅም ሳትጠብቅ መዝፈን ጀመረች።